ስለ ሰውነት ተከላካይ ኃይል፤ ነጭ አይጥ ለሕክምና ያስተማረችው

አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ እንስራ ይጠጣል፤ ከአንድ ትሪ ይበላል። ውኃው በበሽታ ነፍሳት የተበከለ እንደ ሆነ ግን ከቤተ ሰቡ አንዱ በብርቱ ታሞ ይተኛል፤ ሁለተኛው ሁለት ቀን ሆዱን ቆርጦት ይተወዋል፤ ሦስተኛው ጨርሶ ምንም ሳይሰማው ይቀራል። ይህን የታዘቡ መምህራን፣ «በሽታን የሚያመጣው ባክቴሪያ ከሆነ፣ ሁሉም እኩል የማይታመሙት ስለ ምንድን ነው?» እያሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የመልሱ አንደኛው ክፍል በነዚህ ገጾች ደጋግመን የጻፍነው ነው፤ ይኸውም እጁን ታጥቦ የሚበላና ውኃውን አፍልቶ የሚጠጣ ሰው ወደ ሆዱ የሚያስገባው ባክቴሪያ ጥቂት ወይም ምንም ስለሚሆን ነው። ሁለተኛው ክፍል ግን በሰውነታችን ውስጥ ያለውን የተከላካይ ኃይል አሠራር የሚመለከት ነው። ስለዚህ አሠራር የምናውቀውን አብዛኛውን ነገር ያስተማረችን ደግሞ ነጭ አይጥ ናት።

አይጥ ስንል ጎተራ የሚቦረቡረውን አይጠ መጎጥ ማለታችን አይደለም። በምርመራ ቤት የምትረባው አይጥ ከ20 እስከ 30 ግራም ያህል ብቻ የምትመዝን፣ በሦስት ሳምንት ገደማ አርግዛ የምትወልድ ትንሽ እንስሳ ናት። ሊቃውንት ወንድምን ከእኅት ጋር ከ20 ትውልድ በላይ እያዳቀሉ፣ የአንዱ ዘር አይጦች ሁሉ እርስ በርሳቸው እንደ መንታ እንዲመሳሰሉ አድርገዋል። በአሜሪካ አገር፣ በሜን ግዛት፣ ባር ሃርበር በተባለ ከተማ በ1929 ዓ.ም. የተቋቋመው የጃክሰን ምርመራ ቤት በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዚህ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ በሽታ ይዟቸው አንዱ ቢድንና አንዱ ቢሞት፣ ምክንያቱ ዕድሜ ይሁን፣ ምግብ ይሁን፣ የትውልድ ጠባይ ይሁን ለይቶ መናገር አስቸጋሪ ነው። በነዚህ አይጦች ግን ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ አንዲት ነገር ብቻ ስለምትለወጥ፣ የልዩነቱ ምንጭ ይታወቃል።

በ1892 ዓ.ም. ፍሬድሪክ ሎፍለር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በግራይፍስቫልድ ከተማ በምርመራ ቤቱ ያኖራቸው አይጦች በብዛት ሲያልቁበት ምክንያቱን ቢመረምር፣ የሰውን የአንጀት ተስቦ፣ ማለት ታይፎይድን ከሚያመጣው ጋር የሚቀራረብ ባክቴሪያ አገኘ። ስሙንም የአይጥ ተስቦ አለው። በዚያው ዓመት በግሪክ አገር በቴሳልያ ሜዳ የእርሻ አይጥ በዝቶ አዝመራውን ሲያጠፋ፣ ሎፍለር ተጠርቶ ሄዶ በዚህ ባክቴሪያ የተነከረ ዳቦ በእርሻው ላይ አስበተነ። በዚያን ጊዜ ባክቴሪያው ሰውን አይጎዳም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ዛሬ ሳልሞኔላ ከሚባሉት ወገን የሆነው ይኸው ባክቴሪያ በምግብ አማካይነት ሰውን ተቅማጥና ትውከት እንደሚያስይዝ በሚገባ ስለ ታወቀ፣ እንዲህ ያለውን ሥራ ማንም አይመክርም። ለምርመራ ግን ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል። የሰው ታይፎይድ ባክቴሪያ ሰውን እንጂ አይጥን አያሳምም፤ በአይጥ ላይ የሚደርሰው የአይጥ ተስቦ ግን አካሄዱ የሰውን ታይፎይድ ስለሚመስል፣ በሰው ላይ ሊፈተን የማይገባው ነገር በአይጥ ላይ ለመፈተን ተቻለ።

አካሄዱም የሚከተለው ነው። በአፍ የገባውን ባክቴሪያ አስቀድሞ የሚቀበለው የጨጓራ አሲድ ነው፤ ብዙውም እዚያው ያልቃል። ያመለጠው ወደ ትንሹ አንጀት ይደርስና ግድግዳውን ሰርስሮ ወደ ንፍፊቶች፣ ከዚያም ወደ ጉበትና ወደ ጣፊያ ያልፋል። በነዚህ ስፍራዎች የሚጠብቁት በላተኛ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህን ሕዋሳት ለዓለም ያስታወቀው ኤልያ ሜችኒኮፍ የተባለው ሩሲያዊ ነው። በ1882 ዓ.ም. በሲሲሊ ደሴት በመሲና ሳለ፣ ሰውነቱ እንደ መስተዋት የሚያሳይ የባሕር ኮከብ ጫጩት ወስዶ የጽጌረዳ እሾህ ወጋበት፤ በማግሥቱ ቢመለከት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበው አገኛቸው። በአይጥም በሰውም በላተኞቹ በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ፣ በተጠሩ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከቍስሉ የሚደርሱ፣ ዕድሜያቸው አጭር የሆነ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው፤ ከቍስል የሚወጣው መግል አብዛኛው የነዚህ ሬሳ ነው። ሁለተኞቹ ማክሮፌጅ የሚባሉት፣ በጉበት፣ በጣፊያና በሌላም ስፍራ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው የረዘመ ናቸው። ሳልሞኔላ ክፉ ጠላት የሆነው ማክሮፌጁ ውጦት ሳለ ስለማይሞት ነው። ሌባው ከዘበኛው ቤት ገብቶ እንደ ተደበቀ ያህል፣ በሚበላው ሕዋስ ሆድ ውስጥ ይራባል።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ጥያቄ አለ። ዘበኛው ሌባ መግባቱን በምን ያውቃል? ባክቴሪያው ድምፅ የለው፣ መልኩም ለሕዋሱ አይታይ። ይህን ጥያቄ የፈታችው አንዲት ጉድለት ያለባት የአይጥ ዘር ስለ ሆነች፣ ነገሩን ዘርዘር አድርገን መናገር ይገባናል።

ሳልሞኔላና እርሱን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ከላይ የሚለብሱት ከቅባትና ከስኳር የተሠራ ሽፋን አላቸው። በ1892 ዓ.ም. በበርሊን የሮበርት ኮኽ ረዳት የነበረው ሪቻርድ ፋይፈር፣ የኮሌራ ባክቴሪያ ከሞተ በኋላ እንኳ እንስሳን የሚገድል መርዝ እንዳለው አረጋገጠና፣ ከባክቴሪያው አካል የማይለይ መርዝ መሆኑን ለማመልከት ኢንዶቶክሲን የሚል ስም ሰጠው። መርዙም ይኸው ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ተጣርቶ በመርፌ ቢሰጣት አይጥ ጠጕሯ ይቆማል፤ ጀርባዋን አጕብጣ ጥግ ትይዛለች፤ ምግብ አትነካም፤ መጠኑ ከበዛም ትሞታለች። ነገር ግን በ1960ዎቹ ዓመታት ከባር ሃርበር ዘሮች አንዷ፣ ሲ3ኤች/ኤችኢጄ የምትባለው፣ ሌሎቹን የሚገድል መጠን ተሰጥቷት እንደ ወትሮዋ ስትበላና ስትሮጥ ተገኘች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ፣ መርዝ የማይገድላት የታደለች አይጥ ተገኘች ብለን በተደነቅን ነበር። ይሁን እንጂ ለዚችው አይጥ የተጣራው መርዝ ሳይሆን ሕያው የአይጥ ተስቦ ባክቴሪያ በሰጧት ጊዜ፣ የቅርብ ዘመዶቿ ተቋቁመው የሚድኑበት እጅግ አነስተኛ መጠን እርሷን ገደላት። በመርዙ የማትታመመው አይጥ መርዙን በለበሰው ባክቴሪያ ከሁሉ ቀድማ ትሞታለች ማለት ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልሱ ብዙ ዓመት ፈጀ። በአሜሪካ በዳላስ ከተማ ብሩስ ቦይትለርና ጓደኞቹ የአይጢቱን የትውልድ ጽሕፈት ለዓመታት ሲያስሱ ቆይተው፣ በ1998 ዓ.ም. ጉድለቱን አገኙት። ጉድለቱ ያለው በማክሮፌጁ ገጽ ላይ በሚቆም ቲኤልአር4 በተባለ አንድ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ከ800 በላይ ቅንጣቶች ተያይዘው የሠሩት ሲሆን፣ በአይጢቱ ላይ የተለወጠው 712ኛው ቅንጣት ብቻ ነው። የፕሮቲኑም ሥራ የባክቴሪያውን ሽፋን ማወቅ፣ ማለት ዘበኛው ሌባውን የሚያይበት ዓይን መሆን ነው። በሌላም በኩል በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ዡል ሆፍማንና ጓደኞቹ፣ በትንሽ ዝንብ ላይ ይህን የሚመስል ፕሮቲን ሻጋታን ለመከላከል እንደሚያገለግል በ1996 ዓ.ም. አሳይተው ነበር። ሁለቱ ሊቃውንት በ2011 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ከሦስተኛ ሊቅ ጋር ተካፍለዋል።

እንግዲህ ዓይነ ስውር ዘበኛ ያላት አይጥ የማትታመመው መርዙ ስለማይደርስባት አይደለም፤ ሰውነቷ መርዙን ስለማያውቀው ነው። ጤነኛዋን አይጥ ያሳመማት የባክቴሪያው ሽፋን በራሱ ሳይሆን፣ የራሷ ማክሮፌጆች ሽፋኑን ባዩ ጊዜ ያወጡት ጥሪ ነው። ቲኤንኤፍና ሌሎችም ጥሪ የሚያሰሙ ቅመሞች ወደ ደም ይፈሳሉ፤ የደም ሥሮችን ያሰፋሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳትን ይሰበስባሉ፤ ማክሮፌጆቹም የዋጡትን ባክቴሪያ በብርቱ እንዲገድሉ ያደርጋሉ። በሰው ላይ ደግሞ ወደ አንጎል ደርሰው ትኩሳትንና ብርድ ብርድ ማለትን ያስነሣሉ።

ይህ ለቤት ኑሮ የሚጠቅም ዕውቀት ነው። ከምናውቃቸው ወላጆች ብዙዎቹ፣ ከትምህርት የበለጸጉት ሳይቀሩ፣ ትኩሳትን ራሱን በሽታ አድርገው ይቈጥሩታል፤ በኪኒን የበረደላቸው እንደ ሆነ ልጁ ዳነ ብለው ሕክምናውን ይተዋሉ። ትኩሳትን ማብረድ ሕመምተኛውን ያሳርፈዋል፤ መልካም ነው። ነገር ግን የበረደው ጥሪው እንጂ ጠሪውን ያስጮኸው አይደለም። በታይፎይድ የተያዘ ሰው ትኩሳቱ በማስታገሻ ለጥቂት ሰዓት ሲወርድ ባክቴሪያው በጣፊያውና በጉበቱ ውስጥ እንደ ነበረ ይኖራል። ይህን ስንል ግን ትኩሳት ደግ ነውና ይተው ማለታችን እንዳይመስል እንለምናለን። ትኩሳት የያዘው ሕፃን ምክንያቱ በጤና ጣቢያ ሊመረመር ይገባዋል።

ጥሪው ከልክ ያለፈ እንደ ሆነም አደጋ አለው። ባክቴሪያ በደም ውስጥ ሲበዛና ማክሮፌጆች በመላው ሰውነት በአንድ ጊዜ ሲጮኹ፣ የደም ሥሮች ያፈሳሉ፤ የደም ግፊት ይወድቃል፤ ኩላሊትና ሳንባ ሥራቸውን ያቆማሉ። የዳላሱ ግኝት ከታወቀ በኋላ ብዙዎች የዘበኛውን ዓይን ለጊዜው የሚከድን መድኃኒት ቢገኝ ይህን ሞት ማስቀረት ይቻላል ብለው ተስፋ አደረጉ። ኤሪቶራን የሚባል መድኃኒት ተሠርቶ ወደ 2000 በሚጠጉ በጽኑ በታመሙ ሰዎች ላይ ተፈተነ። በ2013 ዓ.ም. የታተመው ውጤት መድኃኒቱን ባገኙትና ባላገኙት መካከል በሞት ቍጥር ልዩነት እንዳልታየ ገለጸ። ሊቃውንት ከሚሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ሕመምተኛው ሆስፒታል በሚደርስበት ሰዓት ጥሪው ተሰምቶ ያለቀ መሆኑ ነው። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ለሰው በኪሎ ግራም ክብደት 4 ናኖግራም፣ ማለት የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ክፍል አራት እጅ ብቻ ቢሰጠው ትኩሳትና መንቀጥቀጥ ይይዘዋል፤ አይጥን ለመግደል ግን በኪሎ ግራም በሚሊግራም የሚቈጠር መጠን ያስፈልጋል። ስለዚህ በአይጥ የታየ ሁሉ ለሰው እንዳለ አይሠራም። አዲስ መድኃኒት በአይጥ ላይ ተፈትኖ ሠራ የሚል ወሬ በጋዜጣ የሚያነቡ ሁሉ ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

እስካሁን የተናገርነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀኖች ስለሚሠራው፣ ማንኛውም አይጥ ከተወለደች ጀምሮ ስላላት ኃይል ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው በትምህርት የሚገኘው ኃይል ነው፤ በዚህም ረገድ አይጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አሳይታናለች።

የመጀመሪያው በ1890 ዓ.ም. በበርሊን የታየ ነው። ኤሚል ፎን ቤሪንግና ጃፓናዊው ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ የመንጋጋ ቆልፍን መርዝ እንድትቋቋም ካደረጓት ጥንቸል ደም ወስደው፣ የረጋው ተለይቶ የቀረውን ውኃ መሳይ ክፍል፣ ሴረም የሚባለውን፣ ለአይጦች በመርፌ ሰጡ። ከዚያም የመንጋጋ ቆልፍን ባክቴሪያ ወጓቸው። ሴረሙን ያገኙት በሕይወት ኖሩ፤ ያላገኙት ሞቱ። በደም ውኃ ውስጥ መርዙን የሚያከሽፍ ነገር እንዳለ፣ ይህም ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው ሊሻገር እንደሚችል በዚህ ታወቀ። (ቤሪንግ ስለ ሴረም ሕክምና በ1901 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የሕክምና የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ኪታሳቶ አልተካፈለም፤ በእኛ አስተያየት ይህ ፍርድ የተሟላ አልነበረም።)

በአገራችን ነፍሰ ጡር ሴት የመንጋጋ ቆልፍን ክትባት እንድትወስድ የሚደረግበት ምክንያት ይኸው ነው። እትብቱ ባልጸዳ ምላጭ የተቈረጠ ወይም ቍስሉ ላይ አፈርና እበት የነካው ሕፃን፣ በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ መጥባት ተስኖት በዚህ በሽታ ሊሞት ይችላል። እናቲቱ ተከትባ እንደ ሆነ ግን በደሟ ያለው ፀረ መርዝ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ፣ ሕፃኑ ገና ሳይወለድ የርሷን ጋሻ ይይዛል። ልክ እንደ በርሊኗ አይጥ፣ ሕፃኑ ጋሻውን የተቀበለው ከሌላ ነው፤ ራሱ አልሠራውም። በመሆኑም በጥቂት ወራት ውስጥ ያልቃል። በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጡት ክትባቶች የሚያስፈልጉት ሕፃኑ የራሱን እንዲሠራ ነው።

ሁለተኛውን ነገር ያሳየው ጆርጅ ማካነስ የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም ነው፤ ሥራውን በ1962 ዓ.ም. ከካንቤራ አሳተመ። የተጠቀመበት ባክቴሪያ ሊስቴሪያ ይባላል። ይህ ባክቴሪያ ባልፈላ ወተትና ባልፈላ ወተት በተሠራ አይብ የሚገኝ፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ የሚራባ፣ ይልቁንም ነፍሰ ጡር ሴትን የሚያስወርድ ስለ ሆነ፣ ወተት አፍልቶ መጠጣትን በዚህም ምክንያት እንመክራለን። ማካነስ ለአይጦች የማይገድል መጠን ሰጥቶ በየቀኑ የጣፊያና የጉበታቸውን ባክቴሪያ ቈጠረ። እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ ቍጥሩ ወጣ፤ ከአራተኛው ቀን ገደማ ጀምሮ መውረድ ያዘ፤ በኋላም ጠፋ። እነዚህ አይጦች ቈይቶ ሌላውን ሁሉ የሚገድል መጠን ቢሰጣቸው አልሞቱም። እስከዚህ ድረስ ከመንጋጋ ቆልፍ ነገር አይለይም። ነገር ግን የነዚህ አይጦች ሴረም ተወስዶ ለሌሎች ሲሰጥ ምንም አላዳናቸውም! ያዳናቸው፣ በኋላ በተደረገው ፈተና እንደ ታየው፣ ከጣፊያቸው የተወሰዱ ሕያዋን ሕዋሳት ሲሰጧቸው ነው።

ምክንያቱ ሊስቴሪያም እንደ ሳልሞኔላ በበላተኛው ሕዋስ ውስጥ ስለሚደበቅ ነው። በደም ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ጋሻ ከቤት ውስጥ ገብቶ የተዘጋበትን ሌባ አያገኘውም። ቤቱን ራሱን ማጠንከር ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርጉት፣ ከደረት አጥንት በስተ ኋላ ባለው ታይመስ በተባለ እጢ የሚሠለጥኑ ቲ የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው። የዚህ እጢ ጥቅም የታወቀው በ1961 ዓ.ም. ዣክ ሚለር በለንደን ከተማ ከአዲስ የተወለዱ አይጦች ላይ ቈርጦ ባወጣው ጊዜ ነው። ቲ ሕዋሳት ባክቴሪያውን ራሳቸው አይበሉትም፤ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ ቅመም እየላኩ ማክሮፌጁ የዋጠውን እንዲገድል ያነቃቁታል እንጂ። በ1993 ዓ.ም. ይህን ቅመም የሚሠራው የትውልድ ጽሕፈት የጠፋባቸው አይጦች የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ሲሰጣቸው ሊቋቋሙት እንዳልቻሉ ታየ። የኤች አይ ቪ ቫይረስ የሚያጠፋው ከነዚሁ ከቲ ሕዋሳት ወገን ዋነኞቹን ስለ ሆነ፣ ቫይረሱ ያለባቸውና መድኃኒት ያልጀመሩ ሰዎች ከሌላው ይልቅ በነቀርሳ የሚያዙት ስለ ምን እንደ ሆነ አንባቢ ከዚህ ሊረዳ ይችላል።

ከነዚህ ሁሉ በኋላ በቅርቡ የተገኘ፣ ለንጽሕና ጽሑፍ ፈተና የሚመስል ነገር ሳንነግራችሁ ብናልፍ ቅንነት አይሆንም። የምርመራ ቤት አይጦች እጅግ ንጹሕ በሆነ ቤት፣ በተጣራ አየርና በጸዳ ምግብ የሚኖሩ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሊቃውንት ባሳተሙት ሥራ፣ የነዚህ አይጦች ተከላካይ ሕዋሳት ካደገ ሰው ይልቅ አዲስ የተወለደን ሕፃን እንደሚመስሉ አሳዩ። ንጹሖቹን አይጦች ከገበያ ከተገዙ ተራ አይጦች ጋር በአንድ ቤት ባኖሯቸው ጊዜ ግን፣ ሕዋሳቱ ያደገን ሰው ወደ መምሰል ተለወጡ፤ ሊስቴሪያም ሲሰጣቸው በአካላቸው የተገኘው ባክቴሪያ ንጹሖች ሆነው ከቀሩት ይልቅ እጅግ አነሰ።

ይህን ሰምተው፣ «እንግዲያው ልጅ በቆሻሻ ቢያድግ ይጠነክራል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አላነበቡትም። ከተራዎቹ ጋር ከተቀላቀሉት ንጹሓን አይጦች መካከል አንድ አምስተኛ ያህሉ በተጋባባቸው በሽታ ሞተዋል፤ ጠንካሮች ተብለው የተቈጠሩት የተረፉት ብቻ ናቸው። ሕዋሳቱ የጠነከሩት በሽታን በማወቅ እንጂ በቆሻሻ አይደለም፤ ያንኑ ዕውቀት በሌላ መንገድ መስጠት ይቻላል። በመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ብልቃጥ ውስጥ ያለው በፎርማሊን ተዳክሞ መግደል የማይችል መርዝ ነው፤ ባክቴሪያው ራሱ በውስጡ የለም።